የሰዓታችሁ መስታወት ሳፋየር ነው ወይስ ሚኒራል ግላስ? ሳትጭሩት የምትለዩበት መንገድ

«ይሄ ሰዓት ሳፋየር ነው ወይስ ተራ መስታወት?» የሚል ጥያቄ ከነፎቶው በየጊዜው ይላክልኛል፣ የምመልሰው ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፣ በፎቶ አይታወቅም። ሁለቱም ጥርት ብለው ነው የሚታዩት፣ ሁለቱም ያብለጨልጫሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ ደረጃ በደረጃ ልጻፈውና ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ ፈትሹት።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ከታች ካሉት ሙከራዎች፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ በቀር፣ አንዱም ብቻውን አይበቃም፣ እያንዳንዱ የሚያሳስትበት ቦታ አለው፣ ሦስት አራቱ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድሉ ግን መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

መጀመሪያ ምንነታቸውን

ሰው ሠራሽ ሳፋየር ሲባል ብዙ ሰው «ፌክ» ማለት ይመስለዋል፣ አይደለም። ከመሬት ከሚወጣው ሳፋየር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ አልሙኒየም ኦክሳይድ። ልዩነቱ ዱቄቱ ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቀልጦ ቀስ እያለ አንድ ወጥ ክሪስታል ሆኖ እንዲያድግ መደረጉ ነው፣ ቀለም የሚሰጠው ቆሻሻ ስለሌለበት ደግሞ ውሃ መስሎ ይወጣል። ከዛ በዳይመንድ መጋዝ ይቆረጣል፣ በዳይመንድ ዱቄት ይወለወላል፣ ውድ የሚያደርገውም ይሄ የመቁረጥና የመወልወል ሥራ ነው።

ሚኒራል ግላስ ማለት ደግሞ በቃ መስታወት ነው፣ የመስኮት መስታወት ዘመድ። ጥሩዎቹ በሙቀት ወይም በኬሚካል ይጠነክራሉ። በኬሚካል ሲባል የቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነከርና ትንሿ ሶዲየም እየወጣች ትልቁ ፖታሲየም ቦታዋን ይይዛል፣ የላይኛው ገጽ በዛ ምክንያት እርስ በርሱ ተጨናንቆ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ሲመታ ቶሎ አይሰነጠቅም። የሴይኮ ሃርድሌክስ የሚባለውም የጠነከረ ሚኒራል ግላስ ነው እንጂ ሳፋየር አይደለም፣ ይሄን ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ።

ሦስተኛው አክሪሊክ ነው፣ ፕላስቲክ፣ እሱን በደረጃ 2 እናስወጣዋለን።

አሁን ዋናው ነገር። አለመጫርና አለመሰበር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማን ማንን እንደሚጭር ከ1 እስከ 10 በሚያስቀምጠው የሞህስ መለኪያ ሳፋየር 9 ነው፣ ዳይመንድ 10፣ ሚኒራል ግላስ ከ5.5 እስከ 6 አካባቢ፣ አክሪሊክ 3 ገደማ። አቧራና አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ 7 ነው። ቁጥሩን አስተውሉት፣ 7 ከ6 ይበልጣል ከ9 ያንሳል፣ ስለዚህ ተራ አቧራ ሚኒራል ግላስን ይጭራል፣ ሳፋየርን ግን አይጭርም። የሁለቱ መስታወት ታሪክ በሙሉ ከዚች ቁጥር ይጀምራል። መሰበር ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ሳፋየር ደረቅ ነው፣ አይለጠጥም፣ ጠንካራ ወለል ላይ በጠርዙ ከወደቀ ሊፈረፈር ይችላል፣ በደንብ የጠነከረ ሚኒራል ግላስ ግን እንዲህ ያለውን ምት አንዳንዴ ተጭሮ ብቻ ያልፈዋል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና
- የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፣ ንጹህ የሆነ
- ማጉያ መነጽር፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ቢሆን ጥሩ ነው
- አንድ መብራት፣ የጠረጴዛ መብራት ይበቃል
- ለማወዳደሪያ ምንነቱን በእርግጠኝነት የምታውቁት መስታወት፣ የውሃ መጠጫ ብርጭቆም ይሆናል
- የውሃ ጠብታ ማንጠባጠቢያ ወይም ስትሮ
- ዳይመንድ ቴስተር የሚባለው ብዕር፣ የግድ አይደለም ግን ካገኛችሁ ከሁሉም የተሻለ መልስ እሱ ይሰጣል
- መስታወቱ ከሰዓቱ ወጥቶ ከሆነ ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት በሚሊሜትር የሚለካ መሣሪያ) እና 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን

ደረጃ 1. እጠቡት

ውሃ የሚያስገባ ሰዓት ከሆነ ውሃ ውስጥ አትንከሩት፣ ጨርቁን በሳሙና ውሃ ትንሽ አርጥባችሁ መስታወቱን ብቻ ጥረጉ። ከመጥረጋችሁ በፊት አቧራውን እፍ በሉት፣ በደረቁ ከፈተጋችሁት ያ 7 የሆነው አሸዋ ከጨርቁ ስር ሆኖ መስታወቱን ይሞርደዋል። መታጠቡ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ፣ ከታች ያሉት ሙከራዎች የሚያነቡት የመስታወቱን ገጽ ነው፣ ገጹ ላይ የእጅ ቅባትና ላብ ካለ ግን የምታነቡት ቅባቱን ነው።

ደረጃ 2. ፕላስቲኩን አስወጡ

በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ መስታወቱን መታ መታ አርጉት። አክሪሊክ ድፍን ያለ፣ የፕላስቲክ ድምፅ ነው የሚሰጠው፣ ሲነካም ለብ ይላል። መስታወትና ሳፋየር ጠጠር ያለ ድምፅ አላቸው። በማጉያ ስታዩት ደግሞ አክሪሊክ እንደ ሸረሪት ድር የሆኑ ብዙ ቀጫጭን ጭረቶች ይኖሩታል። አክሪሊክ ከሆነ እዚህ ላይ ጨርሳችኋል፣ ጭረቱም በፕላስቲክ ማወልወያ ይወጣል።

ደረጃ 3. የጀርባ ክዳኑን አንብቡ፣ ግን በጥንቃቄ

«ሳፋየር ክሪስታል» የሚል ከተጻፈ ጥሩ ምልክት ነው፣ «ሳፋየር ኮትድ» የሚል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ሚኒራል ግላስ ሆኖ ላዩ ላይ ስስ ቅብ ብቻ ያለው ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ ደግሞ ስለ ፊት መስታወት ሳይሆን ስለ ጀርባው መስኮት ነው የሚያወራው፣ ወይም በተቃራኒው። እና ያገለገለ ሰዓት ከሆነ መስታወቱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ክዳኑ ግን የድሮውን እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ ጽሑፉን እንደ አንድ ድምፅ ቁጠሩት፣ ፍርድ አታርጉት።

ደረጃ 4. ያገለገለ ሰዓት ከሆነ ጭረቱን አንብቡ

ይሄ እኔ በጣም የምወደው ነው ምክንያቱም ምንም መሣሪያ አይፈልግም። የብረቱን አካል እዩት፣ ቤዝሉን (መስታወቱን ዙሪያውን የከበበውን ቀለበት)፣ ማሰሪያውን። ብረቱ በጭረት ተሞልቶ መስታወቱ መሃል ላይ ግን እንደ አዲስ ጥርት ብሎ ከቆመ ሳፋየር የመሆን ዕድሉ በጣም ከፍ ያለ ነው። መስታወቱም አብሮ ካረጀ፣ በተለይ በማጉያ ስታዩት ረጃጅም ቦይ የመሰሉ ጭረቶችና ጥቃቅን ጉድጓዶች ካሉት፣ ሚኒራል ነው። ሳፋየር ሲጎዳ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ጠርዙ ላይ ነው፣ ትንሽ ፍርፋሪ ተነስቶለት ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ ሁለት የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ሳፋየር ላይ ብረት ሲፈትግ ብረቱ ራሱ ተፍቆ ግራጫ መስመር ይቀራል፣ ጭረት ይመስላል ግን በሳሙናና በጨርቅ ይለቃል። ሁለተኛው፣ ላዩ ላይ ጸረ ነጸብራቅ ቅብ ያለው ሳፋየር ቅቡ ይጫራል። ሰው «ሳፋየር ተብሎ ተሸጦልኝ ተጫረ» ብሎ የሚበሳጨው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፣ የተጫረው ከሥር ያለው ሳፋየር ሳይሆን ላዩ ላይ ያለው ስስ ቅብ ነው። ለመለየት በጥፍር ዳሱት፣ ጥፍር ምንም ካልያዘና መስመሩ በብርሃን ውስጥ ቀለም የተላጠ የሚመስል ከሆነ ቅቡ ነው።

ደረጃ 5. ነጸብራቁን አወዳድሩ

ሰዓቱንና የምታውቁትን መስታወት ጎን ለጎን አርጋችሁ የመብራቱን ምስል በሁለቱም ላይ እዩ። ሳፋየር ብርሃንን ከመስታወት በላይ ያጥፋል፣ የማጠፍ ቁጥሩ 1.77 ገደማ ሲሆን የመስታወት 1.52 ነው፣ ይሄ ቁጥር ከፍ ሲል ከገጹ የሚመለሰው ብርሃንም ይጨምራል። ቅብ የሌለው ሳፋየር ሁለቱ ገጾቹ ተደምረው ከሚያርፍበት ብርሃን 15 በመቶ ገደማ ይመልሳል፣ መስታወት ግን 8 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ቅብ የሌለው ሳፋየር መስታወት እንደ መስተዋት ፊታችሁን ያሳያችኋል፣ ደማቅ ብርሃን ውስጥ ሰዓት ማንበብ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ግን ጸረ ነጸብራቅ ቅብ ካለው ነገሩ ይገለበጣል፣ መስታወቱ የሌለ እስኪመስል ድረስ ይጠፋል፣ ሰዓቱን ስታዘነብሉትም ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ያንጸባርቃል። ያ ቀለም የቅቡ ነው። ቅብ ደግሞ በሚኒራል ላይም ሊቀባ ስለሚችል ቀለም አየሁ ብላችሁ ሳፋየር ነው እንዳትሉ።

መስታወቱ ከቤዝሉ ከፍ ያለ ከሆነ ጠርዙንም በማጉያ እዩት። ተራ መስታወት ውስጡ ባለው ብረት ምክንያት በጠርዙ በኩል ሲታይ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ያንጸባርቃል፣ ሳፋየር ቀለም የለውም።

ደረጃ 6. የቅዝቃዜ ሙከራ

ሰዓቱን ከእጃችሁ አውልቁና ከማወዳደሪያው ብርጭቆ ጋር ግማሽ ሰዓት አንድ ቦታ አስቀምጡት፣ ሁለቱ እኩል የክፍሉን ሙቀት መያዝ አለባቸው። ከዛ በየተራ ከንፈራችሁን አስነኩት። ሳፋየር ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ከመስታወት ከ20 እጥፍ በላይ ስለሆነ የከንፈራችሁን ሙቀት ቶሎ ይመጠዋል፣ የበለጠ ቀዝቅዞ ይሰማችኋል፣ ቅዝቃዜውም ቆየት ይላል። መስታወት ግን ወዲያው ለብ ይላል። ከንፈር ያልኩት ከጣት በተሻለ ስለሚለይ ነው። ከእጅ እንደወለቀ የሞከረው ሰው ምንም አያገኝም፣ ሰዓቱ የገላውን ሙቀት ይዞ ነዋ።

ደረጃ 7. የውሃ ጠብታ

ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ እኔ ግን ትንሹን ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። አንድ ጠብታ መሃሉ ላይ ጣሉና ሰዓቱን ትንሽ አዘንብሉት። ሳፋየር ላይ ጠብታው ክብ ሆኖ ይቆማል፣ መስታወት ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ይሰፋል ይባላል። ችግሩ ጠብታው እንዴት እንደሚቀመጥ የሚወስነው የገጹ ንጽህናና ቅብ ነው፣ ቅባት የነካው ተራ መስታወትም ጠብታ ክብ አርጎ ይይዛል። ከሌሎቹ ጋር ከተስማማ ተቀበሉት፣ ከተጣላ ተዉት።

ደረጃ 8. ዳይመንድ ቴስተር

ካላችሁ ወይም የሚያውሳችሁ ካለ መቋጫው ይሄ ነው። ብዕሩ ጫፉ ይሞቃል፣ የሚለካው ሙቀቱ በምን ያህል ፍጥነት ወደ ነካው ነገር እንደሚሄድ ነው፣ ማለትም የከንፈራችሁን ሥራ በትክክል ይሠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው፣

ሀ. አብሩትና ዝግጁ መሆኑን የሚያሳየው መብራት እስኪበራ ጠብቁ፣ ሳይሞቅ ከነካችሁ ምንም አያሳይም።
ለ. ደረጃውን ዝቅ አርጉት፣ መጀመሪያ የመጠጫ ብርጭቆውን ንኩ። ምንም መብራት መነሳት የለበትም። ከተነሳ ቀንሱት።
ሐ. አሁን የሰዓቱን መስታወት መሃሉ ላይ ብዕሩን ቀጥ አርጋችሁ ንኩ፣ አዘንብላችሁ አይደለም፣ ጫፉ በሙሉ ካላረፈ ሙቀቱ በትክክል አይተላለፍም።
መ. መብራቶቹ ጥቂት ከፍ ካሉ ሳፋየር ነው። እስከ ዳይመንድ ድረስ አይደርስም፣ እንዲደርስም አትጠብቁ። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ሚኒራል ነው።
ሠ. ከመድገማችሁ በፊት መስታወቱ ይቀዝቅዝ፣ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ቦታ ቀይራችሁ ሦስቴ አርጉት።

የዚህ ሙከራ ትልቁ ጥቅም «ሳፋየር ኮትድ» የሚባለውን ማጋለጡ ነው። ቅቡ በጣም ስስ ስለሆነ ሙቀቱ ወዲያው ከሥሩ ያለው መስታወት ላይ ይደርስና እዛ ይቆማል፣ ብዕሩም መስታወት ብሎ ያነበዋል። ብረቱን ወይም ቤዝሉን እንዳትነኩ ብቻ፣ ብረት ሙቀት ስለሚያሳልፍ የውሸት ንባብ ይሰጣችኋል። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚለካ ብዕር ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ደረጃ 9. መስታወቱ የወጣ ከሆነ መዝኑት

ለመቀየሪያ ሳፋየር ገዝታችሁ «እውነት ነው ወይ» ካላችሁ ይሄ ከሁሉም ቀላልና እርግጠኛ ነው፣ መስታወቱ ክብና ዝርግ መሆን ብቻ አለበት። ሳፋየር በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3.98 ግራም ይመዝናል፣ መስታወት 2.5 ገደማ።

የስፋቱን ግማሽ በራሱ አባዙ፣ በ3.14 አባዙ፣ በውፍረቱ አባዙ፣ ሁሉም በሚሊሜትር፣ ከዛ ለ1000 አካፍሉ። ለምሳሌ ስፋቱ 30 ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 15 በ15 በ3.14 በ1.5 ሲባዛ 1060 ገደማ ይመጣል፣ ለ1000 ሲካፈል 1.06። ሳፋየር ከሆነ 4.2 ግራም አካባቢ፣ መስታወት ከሆነ 2.65 አካባቢ መመዘን አለበት። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ የልኬት ስህተት አያሳስታችሁም።

ማስጠንቀቂያ

በቢላ፣ በመርፌ፣ በአሸዋ ወረቀት እየጫራችሁ አትፈትሹ። ሚኒራል ከሆነ አበላሻችሁት፣ ሳፋየር ከሆነም ቅቡን አነሳችሁት። የአሸዋ ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአልሙኒየም ኦክሳይድ ወይም ከሲሊከን ካርባይድ ነው፣ የመጀመሪያው ራሱ ሳፋየር የተሠራበት ነገር ነው፣ ሁለተኛው ከሳፋየር ይጠነክራል፣ ሁለቱም ይጭሩታል።

በእሳት ወይም በላይተር ማሞቅም አለ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ጎማው ይቃጠላል፣ የሰዓቱ ፊት ይበላሻል።

ሳፋየሩ ተሰብሮ ከሆነ ሰዓቱን አትሙሉት፣ አትነቅንቁት። ማስተካከያ ቁልፉን ወደ ውጭ ሳቡ፣ ብዙ ሰዓት ላይ ቆጣሪዎቹ ይቆማሉ፣ ፊቱን ወደ ታች አርጉና እንደዛው ወደ ሰዓት ሠሪ ውሰዱት። ፍርፋሪው ከብረት ይጠነክራል፣ ቆጣሪዎቹ በዞሩ ቁጥር የሰዓቱን ፊት ይፍቃል፣ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጥርሶቹን ይበላል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትባቸው

«ሳፋየር ስለሆነ ምንም አይጭረውም።» የዳይመንድ ቀለበት ይጭረዋል፣ ሲሊከን ካርባይድ ይጭረዋል፣ የዳይመንድ ዱቄት ያለበት የጥፍር ሞረድም እንደዛው።

«የጥርስ ሳሙና ሚኒራል ግላስን ያጸዳል።» የሚሠራው ለአክሪሊክ ነው። ለሚኒራል ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለው የመስታወት ማወልወያ ዱቄት ነው የሚያስፈልገው፣ እሱም ብዙ ሰዓት ፈጅቶ ቀላል ጭረት ብቻ ነው የሚያነሳው፣ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ከሆነ መስታወቱን መቀየር ይሻላል። ለሳፋየር የዳይመንድ ፔስት ካልሆነ ሌላው ምንም አያደርገውም፣ ቅብ ካለው ደግሞ ቅቡ አብሮ ይሄዳል።

«ሞህስ 9 ማለት ከ6 አንድ ተኩል እጥፍ ነው።» መለኪያው ማን ማንን እንደሚጭር ቅደም ተከተል ነው እንጂ ርቀት አይደለም። ጥንካሬን በትክክል በቁጥር በሚለካው በቪከርስ መለኪያ ሲታይ ሳፋየር ወደ 2000 ነው፣ ሚኒራል ግላስ 500 ወይም 600 አካባቢ፣ ሦስት አራት እጥፍ ማለት ነው።

ሚኒራሉን በሳፋየር ልቀይር ለምትሉ

ስፋቱን በካሊፐር እስከ 0.1 ሚሊሜትር ለኩ፣ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ቦታ። ሚኒራል ቦታው ትንሽ ቢጠብበት ይችለዋል፣ ሳፋየር ግን አይለጠጥም፣ በግድ ከተጫነ ጠርዙ ይፈረፈራል። ውፍረቱን ከመጀመሪያው ጋር እኩል አርጉት፣ ከቀጠነ የውሃ ግፊት የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፣ ከወፈረ ከቤዝሉ በላይ ብቅ ብሎ ምቱን ሁሉ እሱ ይቀበላል። ዙሪያውን የሚይዘውን ጋስኬት (ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን ቀለበት) አዲስ አስገቡ፣ አሮጌው የድሮውን መስታወት ቅርጽ ይዟል። መስታወቱን ወደ ቦታው የሚያስገባው መጫኛ መሣሪያ ዙሪያውን እኩል እንዲነካው ቀጥ አርጋችሁ አስቀምጡትና ቀስ ብላችሁ ተጫኑ፣ በአንድ ጎን ጠለቅ ካለ አቁሙና አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። ከዛ በኋላ ክዳኑ ላይ 100 ሜትር ቢልም የግፊት ምርመራ ሳይደረግለት ውሃ አታስነኩት፣ ያ ቁጥር የተሰጠው ከፋብሪካ ሲወጣ ለነበረው መስታወትና ጋስኬት ነው።